ስምንት ሆነን በግለሰብ በር

ጅዳ ውስጥ ምግብ ቤት በር ላይ ቆሞ ማሰብ ግድ የሚልበት ዘመን ነበር። ቤቱ ሁለት በር አለው፤ በአንደኛው ላይ «ለቤተሰብ»፣ በሌላኛው ላይ «ለግለሰብ» ተብሎ በዐረብኛ ተጽፏል። ቤተሰብ ማለት ሴት ያለችበት ስብስብ ነው። ሚስቱን፣ እናቱን ወይም እኅቱን ይዞ የመጣ ሰው በቤተሰብ በር ይገባና መጋረጃ በተጋረደበት ክፍል ውስጥ እንደ ልቡ ይመገባል። የቀረው ወንድ ሁሉ ግለሰብ ነው። እኛ ከአንድ ክፍል ወጥተን፣ በአንድ መኪና ተጠቅጥቀን፣ ሒሳቡን ከስምንት ኪስ አዋጥተን ከአንድ ትሪ መንዲ ልንበላ ስንመጣ የምንገባው በግለሰብ በር ነበር። ግለሰብነት የእኛን ያህል የራቀው ፍጡር በምድር ላይ ያለ አይመስለኝም፤ ደንብ ግን ደንብ ነው።

በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ መንግሥት ሁለት በር ግዴታ መሆኑ ቀርቷል አለ። አሁን ብዙው ቤት ሁሉንም በአንድ በር ያስገባል፤ መጋረጃውም ከብዙ ቦታ ተነሥቷል።

ምግብ ቤቱ መለየቱን ቢተውም ቤት አከራዩ አልተወም። ጥሩ ቤት ሲገኝ «ለቤተሰብ ብቻ» ነው። ሚስቱን አገር ቤት ትቶ የመጣ ወንድ «ዑዛብ» ውስጥ ይመደባል፤ ወንደላጤ መሆኑ ነው። አብረውን የሚኖሩት ሐጂ ኮምቦልቻ ላይ ሚስት፣ አምስት ልጆችና ሦስት የልጅ ልጆች አሏቸው። ለአከራዩ ግን ወንደላጤ ናቸው። ይህንን መጀመሪያ የሰሙ ቀን ማታ ጺማቸውን ሲያበጥሩ አይቻቸዋለሁ።

ታዲያ ቤተሰብህን አታመጣም? ትሉኝ ይሆናል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ጀምሮ እዚህ የሚሠራ የውጭ አገር ሰው በሥሩ ላስመዘገበው ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በየወሩ ይከፍላል። በ100 ሪያል ተጀመረ፤ በየዓመቱ መቶ መቶ እየተጨመረበት በ2020 ላይ 400 ገባ። ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉት ሰው በወር 1,600 ሪያል ያስቆጥራል። ስንቱ አበሻ ነው ደመወዙ እዚያ የሚደርስለት? ስንቱ ሱዳናዊ፣ ስንቱ ግብጻዊ ቤተሰቡን አውሮፕላን ማረፊያ ሸኝቶ፣ ሶፋውን ሸጦ ወደ ወንደላጤነት ተመለሰ። አከራዩ ቤተሰብ ሁን ይላል፤ ክፍያው ወንደላጤ ያደርግሃል። ከሁለቱ መካከል በተረፈችው ቀዳዳ ውስጥ ነው የእኛ ክፍል ያለችው፤ በኒ ማሊክ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም።

ክፍሏን ያገኘልን የባቲው ልጅ ነው። ዐረብኛው ከሁላችን ይሻላልና የጋራ ምላሳችን እሱ ነው። የጋራ ምላስ ነገር አዲስ አይደለም። በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የነቢዩ ባልደረቦች ከመካ ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ የመጀመሪያዎቹ ከጅዳ በስተደቡብ ካለው የሹዐይባ ወደብ በግማሽ ዲናር ተሳፍረው እንደተሻገሩ ይተረካል። ኋላም ነጃሺ ፊት ሲቀርቡ ስለ ሁሉም ሆኖ የተናገረው አንድ ሰው ነው፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ። ዛሬ ባሕሩ ያው ነው፤ አቅጣጫው ተገለበጠ እንጂ፤ ዋጋውም ግማሽ ዲናር አይደለም። የጥንቱ ጃዕፈር ንጉሥ ፊት ቆሞ እውነቱን ሳያስቀር ተናገረ። የእኛው ደግሞ አከራይ ፊት ቆሞ «አምስት ነን» አለ። «ዋሸህ እኮ» ብንለው «አልዋሸሁም» አለ፤ «አምስታችን ቀን እንሠራለን፣ ሦስታችን ሌሊት። ማታ ማታ አምስት ነን።»

እንዲህ ሆነን ስንኖር የግል የሚባለው ሚስማር ነው። እያንዳንዳችን ግድግዳው ላይ አንድ አንድ ሚስማር አለን፤ የሌላውን ሚስማር የደፈረ የለም። ሚስማሩ ላይ የሚንጠለጠለው ልብስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከስምንታችን አንዱ የሆነው ሾፌሩ ለዒድ ብሎ የገዛው፣ አንገቱ ላይ ቀጭን ጥልፍ ያለበት ነጭ ጀለቢያ አለ። ውሃውን ከ260 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ በሚተኩሰው የንጉሥ ፋህድ ፏፏቴ ፊት ያ ጀለቢያ ከየትኛችን ጋር ነው ፎቶ ያልተነሣው? ፌስቡክ ላይ ጀለቢያው አንድ፣ ፊቱ ስምንት ነው። የሐይቁ ልጅ እናት የልጃቸውን ፎቶ አይተው ሲደውሉ መጀመሪያ የጠየቁት «ለመሆኑ ያ ሾፌር ጓደኛህ ልብሱን መቼ ነው የሚያጥበው?» ብለው ነው።

ምግብም እንደዚሁ ነው። አልበይክ በ1974 እ.ኤ.አ. እዚሁ ጅዳ የተጀመረ፣ የከተማው ሰው ከባሕሩ ቀጥሎ የሚኮራበት የዶሮ ጥብስ ቤት ነው። ካርቶኑ ለአንድ ሰው ተብሎ የተሰናዳ ነው፤ አራት ብልት ዶሮ፣ የተጠበሰ ድንች፣ ዳቦና ነጭ ሽንኩርት ያለው ማባያ። ሥራ አምሽቶ አንዱን ካርቶን ያንጠለጠለ ሰው ገና ሁለተኛ ፎቅ ሳይደርስ ሽታው ገብቶ የተኛውን ቀስቅሷል። ከዚያ በኋላ ያለው በሥርዓት ነው የሚሄደው። ባለቤቱ «ኑ ብሉ» ማለት አለበት። እኛ «በልተናል፣ ይመችህ» ማለት አለብን። እሱ «ወላሂ ካልበላችሁ አልነካውም» ይላል። እኛም «እንግዲህ ለሙሐባ ያህል» ብለን እንቀምሳለን። ሰባት ሰው ለሙሐባ ያህል ከቀመሰ በኋላ ለባለቤቱ የሚተርፈው ዳቦው ነው። የጅማው ልጅ አንድ ጊዜ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ጨርሶ ገባ። ማንም ምንም አላለውም። ነገር ግን የነጭ ሽንኩርት ነገር ይታወቃል፤ ለጥቂት ቀን «አሰላሙ ዐለይኩም» ስንለው ራሱ ድምፃችን ትንሽ ሻከር ያለ ነበር።

የትኛው የሰው፣ የትኛው የማኅበር እንደሆነ ለመለየት ሃይማኖታችን ከሰጠን ሚዛን የተሻለ አላገኘሁም። ግዴታን ሁለት ያደርገዋል። ፈርዱል ዐይን አለ፤ እንደ ሶላትና እንደ ጾም ያለ፣ ማንም ለማንም የማይወጣለት፣ እያንዳንዱ በራሱ አንገት የሚሸከመው። ፈርዱል ኪፋያ አለ፤ ሬሳ ማጠብ፣ መገነዝ፣ በጀናዛ ላይ መስገድ፤ የተወሰኑ ሰዎች ካደረጉት ከሌላው ላይ የሚወርድ። በእኛ ክፍል መዝሀብ መብላት ፈርዱል ዐይን፣ ድስት ማጠብ ፈርዱል ኪፋያ ሆኖ ኖረ። ሁሉም አንዱ ያጥበዋል ብሎ ይተኛል። አንድ ቀን ጭልፋው ከድስቱ አልላቀቅ ብሎ አብሮ ሲነሣ ጊዜ ኡስታዙን ፍርድ ጠየቅነው። ኡስታዝ የምንለው ልጅ ሥራው ሱቅ ውስጥ ዕቃ መደርደር ነው፤ ልጅነቱን ግን ወሎ ላይ ከሼህ ዘንድ ሲቀራ አሳልፏል። ወደ ድስቱ አየና «ሕጉን ግማሹን ብቻ ነው የያዛችሁት» አለ። «ማንም ካላደረገው ወንጀሉ በሁሉም ላይ ነው።» ሁላችንም በአንድ ጊዜ ተነሣንና አንድ ድስት ለማጠብ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተጋፋን። በማግስቱ ተራ ወጥቶ፣ በወረቀት ተጽፎ ፍሪጁ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ ወዲህ የምንከራከረው ስለ ድስቱ መሆኑ ቀርቶ ወረቀቱን ማን እንደሰረዘው ሆኗል።

ስልክማ ጨርሶ የጋራ ነው። አገር ቤት የሚደወለው በኢሞ ነው፤ ኢሞ ስለሚቆራረጥ ድምፅ ማጉያ ላይ ይደረጋል፤ ድምፅ ማጉያ ላይ ከዋለ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሰላም ሳይል ቢቀር ነውር ነው። እናቴ ስምንታችንንም በስም ታውቃለች። የማን ጥርስ እንዳመመው፣ የማን ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ሊያልቅ እንደደረሰ ከእኔ ቀድማ ትሰማለች፤ አንዳንዴም እኔን ዘልላ «እስቲ ለሐጂ ስጣቸው» ትላለች። የከሚሴው ልጅ ከእጮኛው ጋር ሲጋጭ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። በዚህ ጊዜ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሐጂ ቀስ ብለው ተነሥተው ኤሲውን ያጠፉታል፤ በነሐሴ ወር፣ ጅዳ ላይ፣ በገዛ እጅ ኤሲ ማጥፋት ምን ያህል መሥዋዕትነት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጁ ላቡን እየጠረገ ከብርድ ልብሱ ሲወጣ ሽማግሌዎቹ ተሰይመው ይጠብቁታል።

«ጥፋቱ ያንተ ነው» ይሉታል ሐጂ።

«የቱ ጥፋት?»

«ሁለተኛ ላይ ያልካት። የመጀመሪያውንስ እሷም አበዛችው።»

ኼርት ሆፍስቴድ የሚባል ሆላንዳዊ ምሁር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 70ዎቹ መጀመሪያ በየአገሩ የሚገኙ የአይ ቢ ኤም ሠራተኞች የሞሉትን መጠይቅ ሰብስቦ ሕዝቦችን ለራሱ የሚያድርና ለወገኑ የሚያድር እያለ በነጥብ ደረደራቸው። አሜሪካ 91 አምጥታ አንደኛ ወጣች። ኢትዮጵያን ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር አንድ ላይ ጠቅልሎ 27 ሰጣቸው፤ እኛን ሲመዝን እንኳ በጋራ ነው የመዘነን። ሰውዬውን አከብረዋለሁ። ሆኖም መጠይቁ የተሞላው ቢሮ ውስጥ ነው። ንጋት ላይ፣ ስምንት ሰው በሚጠቀምባት አንዲት መጸዳጃ ቤት በር ላይ ቢሞላ ኖሮ አበሻም ከ91 አያንስም ነበር። እኔ እንደማየው ሰው ለራሱ የሚያድርና ለወገኑ የሚያድር ተብሎ የሚለየው በአገር በአገር ሳይሆን በሰዓት በሰዓት ነው። ያው አንዱ ሰው ፈጅር ላይ አሜሪካዊ፣ ምሳ ላይ ወሎዬ ይሆናል። ደመወዝ በገባበት ቀን አሜሪካዊ፣ በሃያ አምስተኛው ቀን ወሎዬ ይሆናል።

ከመካከላችን አንዱ ግን ለዘለቄታው ቆረጠ። ሾፌሩ ነው። «ራሴን ልቻል» አለና እዚያው ሰፈር ሙልሐቅ ተከራየ፤ ሙልሐቅ ጣሪያ ላይ የምትሠራ ለብቻዋ የቆመች ክፍል ናት። የራሱ መጸዳጃ፣ የራሱ ኤሲ፣ ስልኩን የሚሰካበት የራሱ ሶኬት አገኘ። ፍራሹን ተሸክመን ያደረስነው እኛው ነን። ለትንሽ ጊዜ ጠፋ። ጠላን ብለን ስናማው ከረምን፤ ኋላ ስንሰማ ችግሩ ሩዙ ኖሯል። ሰውዬው ለአንድ ሰው የሚሆን ሩዝ መሥራት አያውቅም። እጁ የለመደው የስምንት ሰው ልክ ነው፤ ቢቀንስም ለአምስት ይሆናል። መጣል ሐራም ሆነበት፣ መብላት አቃተው፤ ደወለልን። ሄድን፣ በላን፣ ኤሲው ደግሞ ከእኛው ይሻላል፤ መሸ፣ ደረጃውን ማን ይወርዳል? እዚያው አደርን። ብዙም ሳይቆይ ግድግዳው ላይ ሦስት ሚስማር ተመታ። ኪራዩን እስከ ዛሬ እሱ ብቻውን ይከፍላል። ራሴን ልቻል ያለ ሰው ነውና ውሳኔውን አከበርንለት።

ብቻ መኖር ምን እንደሆነ የምር ማወቅ የፈለገ ሰው ግን ሾፌሩን ሳይሆን የአጎቴን ልጅ ይጠይቅ። ሰሜን ጅዳ፣ ወደ ባሕሩ ዳርቻ፣ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ትሠራለች። እኛ የምንመኘው ሁሉ አላት፤ የራሷ ክፍል፣ የራሷ መታጠቢያ፣ የሚቆለፍ በር። የሌላት ዓርብ ነው። በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ሠራተኛ በአሠሪው ፈቃድ ላይ ሳይንጠለጠል ሥራ የሚቀይርበት ማሻሻያ ሲወጣ የቤት ሠራተኞች ከውስጡ አልገቡም። የዓርብ ዕረፍት ስለሌላትም እሷ ወደ ዓርብ ቡናችን አትመጣም፤ ቡናው ነው ወደ እሷ የሚሄደው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እንደውልላትና ስልኩን ስኳሩ ጣሳ ላይ አስደግፈን እናቆመዋለን። እሷ መቁላት አትችልም፤ ጭሱ ሳሎን ከገባ መዳም ትቆጣለች። የተፈጨ ነው የምታፈላው። እኛ ስንቆላ ታዲያ አንዱ ስልኩን አንሥቶ ወደ ምጣዱ ያስጠጋላታል። ቡናው ሲንጣጣ «እሰይ፣ አሁን ሰማሁት» ትላለች። አቦሉን አብረን እናነሣለን፤ ሐጂ «ያረብ፣ ይህችንም ልጅ ላገሯ አብቃት» ብለው ይመርቃሉ፤ ጫት የሌለበት የወሎ ዱዓ አጭር ነው። በረካው ላይ ብዙ ጊዜ አትደርስም፤ ከታች ትጠራለች።

የእቁባችን ጸሐፊ እሷ ናት። ከአባላቱ ግማሹን በአካል አይታቸው አታውቅም። ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደቆየ፣ ዕጣው ለማን እንደወጣ በደብተር የምትይዘው እሷ ናት፤ ከሁላችን መካከል ቁጭ ብላ የምትጽፍበት ጸጥ ያለ ቦታ ያላት እሷ ብቻ ስለሆነች ነው።

ይህን ሁሉ ስል መጋፋቱ ሳቅ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ላይ መኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሁሉ ይውጣ ተብሎ አፈሳው ሲጀመር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገር ተመለሱ። የሚሄደው በያዘው ሻንጣ ነው። ኢቃማ ያለው ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ መጋዘን ሆነ። ሐጂ ያኔም ኢቃማ ነበራቸው። የማያውቁት ሰው ሳይቀር በሩን እያንኳኳ ቴሌቪዥን፣ ብርድ ልብስ፣ የሕፃን አልጋ፣ ስፌት መኪና «አደራ» እያለ አስቀምጦ ሄደ። የሚያስረክብ ጊዜ የለውም፤ ስሙን በማርከር ዕቃው ላይ ይጽፋል። ሐጂ በዕቃው መካከል ጎናቸውን አስጠግተው ተኙ። ከዚያ በኋላ ገሚሱን በሰው በሰው ላኩት፤ ገሚሱን ሸጠው ገንዘቡን በሐዋላ አደረሱ። ባለቤቱ ያልተገኘለት አንድ ድስት ቀርቷል። የምንጋፋበት ድስት እሱ ነው። ጎኑ ላይ ያለው ስም በመታጠብ ብዛት ደብዝዟል፤ ሐጂ በየጊዜው በማርከር ያድሱታል።

አሁን ወደ መካ፣ ወደ ዑምራው ልሂድ። ከጅዳ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈጣን ባቡር አለ፤ እኛ ግን በሾፌሩ መኪና ነው የምንሄደው። ጅዳ የሚኖር ሰው ኢሕራሙን የሚያስረው ከቤቱ ነው፤ ሁለት ያልተሰፋ ነጭ ጨርቅ። ያን ቀን ጀለቢያው አርፎ ይውላል፤ ማን ምን ለበሰ የሚባል ነገር የለም። ንጉሥም የቀን ሠራተኛም በዚያው በሁለት ጨርቅ ነው። የዑምራ ፈቃዱ ግን ኑሱክ በሚባል የስልክ መተግበሪያ በየስምህ፣ በየሰዓትህ ተቆርጦ ይሰጥሃል። አንድ ሆነን ከክፍል ወጥተን ሹሜሲ ኬላ ስንደርስ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ስልክ አውጥተን እናሳያለን።

ጉዞው ከመወሰኑ በፊት ወሬው ወሎ ደርሷል። የዱዓ አደራ ይጎርፋል። የአክስቴ ልጅ ባል ለምንልኝ አለች፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ «መንጃ ፈቃድ ያለው» ብላ አስተካከለች። አንዷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዬን አለች፤ ፈተናው አልቋል፣ ዱዓው ለእርማቱ ነው። ጎረቤታችን ላሚቱ በሰላም እንድትወልድ ላኩ። የደሴዋ ክርስቲያን ጎረቤታችን «እኔም ለማርያም እሳላለሁ፤ አንተም እዚያ ከደረስክ ለልጄ ለምንልኝ» አሉ። በእርሻ ድንበር የሚካሰሱ ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ ታላቁ «ሐቄን እንዲመልስልኝ» ብሎ ላከ፤ በዚያው ምሽት ታናሹም «ሐቄን እንዲመልስልኝ» ብሎ ላከ። ሁሉንም በደብተር ጻፍኩት።

ካዕባን ሲዞሩ የሚታየው ነገር ለእኔ አሁንም ይገርመኛል። በምድር ላይ ሰው ከሰው ጋር እንዲህ የሚጣበቅበት ሌላ ቦታ አላውቅም። የኢንዶኔዢያው ክርን ጎንህ ውስጥ ነው፤ የናይጄሪያዋ ሴት ትከሻ ይገፋሃል። ደግሞ ሁሉም ብቻውን ነው፤ ሁሉም የራሱን ዕንባ ያለቅሳል፣ የራሱን ቋንቋ ያንሾካሹካል፣ ማንም ማንን አያይም። ሰባቱን ዙር አከፋፈልኩ። አንደኛው ለቤተሰብ፣ ሁለተኛው ለጎረቤት፣ ሦስተኛው ለታመሙ፣ አራተኛው ለባል ፈላጊዎች፤ ይህኛው ዙር ረዘመ። ወንድማማቾቹን በአንድ ላይ «ሐቁ የማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ» ብዬ አለፍኳቸው። ሰባተኛው የእኔ ነበር። ልክ አፌን ስከፍት የከሚሴው ልጅ ከኋላ የኢሕራሜን ጫፍ ያዝ አደረገና «የእጮኛዬን ነገር አልክልኝ?» አለኝ። ዙሩ አለቀ። የራሴን «ያረብ፣ የእኔን መቼም አታጣውም» ብዬ በደፈናው አስረከብኩ።

ሐጅ ወይም ዑምራ በሌላ ሰው ስም ማድረግ ይቻላል፤ ለሞተ አባት፣ አቅም ላነሰው አዛውንት። ግን በብዙ ሊቃውንት ዘንድ ደንብ አለው፤ መጀመሪያ የራስህን መፈጸም አለብህ። የራሱን ያላደረሰ ሰው የሌላውን አይሸከምም። ይህችን ደንብ እወዳታለሁ። ለመንደሬ ሰዎችም በድምፅ መልእክት አስረድቻለሁ፤ «እውነት ነው ልጄ» ብለው ተጨማሪ ስሞች ላኩልኝ።

ረመዳን ላይ ከመግሪብ በፊት ሐረሙ ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያያል። ሱፍራ በረጅሙ ተዘርግቷል፤ ተምር፣ ዘምዘም፣ ትኩስ ቀህዋ። የየሱፍራው ሰዎች እየሮጡ እጅህን ይይዛሉ፤ «እኛ ጋ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ እኛ ጋ ተቀመጥ!» ሁለት ሰው ከሁለት በኩል ሲጎትተኝ የምሄድበት ጠፍቶኝ ያውቃል። ጾመኛን ያስፈጠረ ሰው የጾመኛውን ያህል ምንዳ ያገኛልና ሰውዬው የሚጎትተኝ ለራሱ አጅር ነው። እኔም የምጎተተው ለራሴ ሆድ ነው። ሁለታችንም ለየራሳችን ስንል አንድ ማዕድ ላይ ተገናኘን።

ሶላቱ እንዳበቃ ብዙ ጊዜ የጀናዛ ሶላት ይታወጃል። ወንድ ወይም ሴት መሆኑ ይነገራል፤ ስም የለም፣ አገር የለም። መካ ላይ የሞተ፣ ወገን የሌለው የሚመስለው የቀን ሠራተኛ በዚያች ደቂቃ ስንት ሺህ ሰው ይቆምለታል። መዋጮ አልተጠየቀበትም፣ ተራም አልወጣበትም፤ ፈርዱል ኪፋያ ነበርና ጥቂቱ ቢቆም ይበቃ ነበር። ሐጂ እንኳን በጉልበታቸው ሕመም ወንበር ላይ ሲሰግዱ ቆይተው ለእሱ ተነሥተው ቆሙ።

እንግዲህ የአገሬ ሰዎች፣ በተለይ ዱዓ የምትልኩ፤ መላካችሁን አትተዉ፤ እኛም ማድረሳችንን አንተውም። ግን እባካችሁ በጽሑፍ ይሁን። የድምፅ መልእክት ስትልኩ ሰላምታው ብቻ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል፤ ጠዋፍ ላይ ቆሞ ማዳመጥ አይሆንም። በድንበር የምትካሰሱ ወንድማማቾች ከመላካችሁ በፊት እስቲ እርስ በርስ ተጠያየቁ። ባል ፈላጊዎች፣ የመንጃ ፈቃዱን ነገር ለአላህ ተዉለት። ስማችሁንም ከነአባታችሁ ጻፉ፤ በእኛ ቀበሌ ብቻ ስንት ፋጡማ እንዳለ እናንተው ታውቁታላችሁ።